የልደታ ንፍሮና የጋዜጣ ተለማማጅነቴ

እኔ ነገር ማጋነን እንደምወድ ልደታ ውስጥ የማያውቅ የለም። አንድ በግ ካየሁ የማወራው ስለ መንጋ ነው። ሚስቴ የምናገረውን ሁሉ ለአራት አካፍላ ነው የምትሰማው፣ ልጆቼ ደግሞ ለስምንት። ይህን የሚያነብ ሰውም እንደ ዐቅሙ ቢያካፍል አልቀየምም። በጣልያን ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ፣ የጋዜጣ ጸሐፊ ለመሆን ከሰውነት ተራ እስክወጣ ድረስ ተመኝቼ፣ እጄ ሊገባ ሲል ያጣሁት በአንዲት መስመር ምክንያት መሆኑን ግን ሳያካፍል እንዲቀበለኝ እለምናለሁ።

ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ እኔ የመጨረሻው ክፍል ደርሼ ነበር። ዛሬ ልጆቹ ኮሌጅ የሚሉት ያኔ አልነበረም፤ ከእኛ ክፍል በላይ የነበረው ጣሪያው ብቻ ነው። ጣልያን ሲገባ ግቢው የወታደር ማደሪያ ሆነ፣ እኔም ከነፈረንሳይኛዬ ቤት ገባሁ። አባቴ ከዘመተበት አልተመለሰም። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ፈትሉን ትሸጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ በሦስት ቋንቋ ሥራ ፈታሁ።

የጋዜጣ ፍቅር የያዘኝ ከግድግዳ ነው። ቤታችን እንደ ጎረቤቶቻችን ቤት ሁሉ በአሮጌ ጋዜጣ የተለጠፈ ነበር፤ ፊደል የለየሁትም እሱ ላይ ነው። ከመደቤ በላይ ያለው ገጽ መሐሉ ተቀዶ ስለነበር እያንዳንዱ ወሬ ግማሽ ላይ ይቋረጣል፤ የቀረውን እኔ ከጭንቅላቴ እሞላዋለሁ። አንድ የውጭ አገር መልእክተኛ አዲስ አበባ ሊገባ ሲል ወረቀቱ ተቀዶ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበርና እስከ ዓሥር ዓመቴ ድረስ ሃያ ጊዜ አጋብቼዋለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን አራዳ ወጥቼ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ። የአማርኛው ጋዜጣ ሁለት የተማሩ ወጣቶች ለስድስት ወር በተለማማጅነት ይፈልጋል፣ ከዚያም የበረታው ይቀጠራል ይላል። ጋዜጣው የጣልያኖቹ መሆኑን ማንም ያውቃል። በአገሩ ግን በአማርኛ የሚታተም ሌላ ወረቀት አልነበረም። ዋና መማር የሚፈልግ ሰው ወንዙ የማን ነው ብሎ ይጠይቃል እንዴ? እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

እናቴን ግን ማታለል አልቻልኩም።

“ለእነሱ ነው የምትጽፈው?” አለችኝ ከእንዝርቷ ቀና ሳትል።

“ለእነሱ አይደለም እማዬ፣ ለአንባቢ ነው።”

“ወረቀቱ የማን ነው?”

“የእነሱ።”

“ቀለሙስ?”

“እሱም የእነሱ።”

“እና ያንተ ምንድን ነው?”

“እጄ።”

“እንግዲያ እጅህን ጠብቃት” አለችና ፈትሏን ቀጠለች።

ማመልከቻዬን ሦስት ቀን ጻፍኩት። አምስት ቋንቋ እንደማውቅ አሰፈርኩ። አማርኛና ፈረንሳይኛ እውነት ናቸው። ዳዊት ስለደገምኩ ግዕዝን ቆጠርኩ፤ ገበያ ስለምወርድ ኦሮምኛን ጨመርኩ። አምስተኛው ጣልያንኛ ነበር፤ ከእሱ የማውቀው አንድ ሰላምታና ሁለት ስድብ ነው። ሰላምታውንም ቢሆን በስድቡ ቦታ እንዳልለው እየፈራሁ ነበር።

በሳምንቱ ተጠራሁ። ቢሮው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የጋዜጣው አለቃ፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ በየአምስት ደቂቃው ጸጉሩን የሚያበጥር ጣልያን ነው። ሁለተኛው አራሚው ነበሩ፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ጠንቅቀው የተማሩ፣ መነጽራቸው በጥቁር ክር ጆሯቸው ላይ የታሰረ አዛውንት። ጋዜጣው የሚወጣበትን አማርኛ ሁሉ የሚያርሙት እሳቸው ናቸው። አለቃው አማርኛ አያነብም፤ ከእኔ ጋር በፈረንሳይኛ ተግባባን።

“ከየት ነህ?” አለኝ።

“ከልደታ።”

ይህን ስል ዓይኑ በራ። ማበጠሪያውን አስቀመጠና ባለፈው ዓመት ያጋጠመውን ነገረኝ። የመንግሥታቸውን ‘ኢምፓየር’ ያወጁበትን ቀን በያመቱ ያከብራሉ። በዚያ ቀን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በመኪና ሲሄድ ልደታ ላይ በየመንደሩ እሳት ይነድዳል፣ ድስት ደጅ ተጥዷል፣ ሰዉ ቤቱን ትቶ ውጭ ተቀምጦ አብሮ ይበላል፣ አላፊ አግዳሚውን ይጠራል። መኪናውን አስቆመ። አንዲት ሴት ከድስቷ በጭልፋ አውጥታ እጁ ላይ ንፍሮ አደረገችለት።

“ማንም ሳያዝዛቸው” አለኝ። “ለቀናችን ብለው ከቤታቸው ወጡ። እኔ በዚያች ሰዓት አለቀስኩ።”

እኔ ወደ አራሚው አየሁ። አራሚው እርሳስ ይቀርጹ ነበር፤ እርሳሱ ግን ቀደም ብሎ አልቆ ጣታቸውን ሊቀርጹ ምንም አልቀራቸውም።

አገሩን የሚያውቅ ሁሉ የገባው ይመስለኛል። ግንቦት አንድ ቀን የማርያም ልደት ነው። እመቤታችን ከደጅ፣ ከተራራ ላይ ተወለደች ስለሚባል የግንቦት ልደታ ከቤት ውጭ ነው የሚከበረው፤ እሳቱም ድስቱም ሰዉም ደጅ ነው፣ የመጣ ሁሉ ንፍሮ ይዘገንለታል። የእነሱ አዋጅ እዚያው ቀን ላይ ወደቀ። ሰውዬው የእኛን የማርያም ንፍሮ በልቶ ለእሱ የተቀቀለ መሰለው።

“ይህን ወሬ አንተ ትጽፈዋለህ” አለኝ። “ቀኑ ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። የልደታ ሕዝብ ቀናችንን በገዛ ፈቃዱ እንዴት እንደሚያከብር ጽፈህ አምጣ። ጥሩ ከሆነ ይታተማል፣ አንተም በማግስቱ ሥራ ትጀምራለህ።”

አራሚው እስከ በሩ ሸኙኝ።

“ጋሼ፣ ግን እኮ ግንቦት ልደታ…”

“አውቃለሁ። እኔስ በምን ያደግሁ ይመስልሃል? በንፍሮ ነው።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩትም?”

“አምና ሲነግረኝ እያለቀሰ ነበር፤ የሚያለቅስ ሰው ማቋረጥ ነውር ነው ብዬ ተውኩት። ዘንድሮ ደግሞ ለበላዮቹ ጽፎ ልኮታል። አለቃ ለአለቃ የጻፈውን ማርያም ራሷ ወርዳ ብታስተባብል አይሰሟትም። ሂድ፣ እንዳሉህ ጻፍ፣ እንጀራህን ብላ።”

የግንቦት ልደታ ለት ወረቀቴን አጣጥፌ፣ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ወጣሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያ የወሬ ፍለጋዬ ነበር፤ እንደ ደጃዝማች ነው የተራመድኩት። የየካቲቱ ጭፍጨፋ ካለፈ ወዲህ ሰው ሦስት ሆኖ መቆም ይፈራ ነበር። አጠገባችን ያለው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር እንኳ ስሙ ብቻ ቀርቶ ጠመንጃው በመኪና ተጭኖ ሄዷል። በዚያች ቀን ግን ማንም ቤት አልቀረም። ከቤታችን ፊት ባለው ሜዳ ላይ ብቻ አሥራ ዘጠኝ ድስት ቆጠርኩ። ስንዴውን፣ ባቄላውን፣ ሽንብራውን እያንዳንዱ ያለውን አዋጥቷል። ከወሎ የመጣው እስላም ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሳይቀር እንደ ልማዱ ባቄላ አምጥቷል።

“ምንድን ነው የምትጽፈው?” አለኝ ልብስ ሰፊው።

“ወሬ ነዋ። እርስዎ ለምን ባቄላ ያዋጣሉ?”

“ያ ረቢ፣ ይህ ወሬ ሆነ? ጎረቤት ሲያበስል እጄን አጣጥፌ ልይ? ለመውሊድ የናንተ ሰዎች ስኳር አያመጡም? ይልቅ ጻፍ፤ ባቄላዬ ነቀዝ የለበትም ብለህ ጻፍ።”

ጻፍኩ። እያንዳንዱን ቤት እየዞርኩ ማን ምን እንዳዋጣ፣ ይህን ልማድ ከማን እንደተቀበለ ጠየቅሁ። ሁሉም የሚመልሰው “ከእናቴ”፣ “ከአያቴ” ነበር። ስለ ኢምፓየር የሰማ አንድም ሰው አላገኘሁም።

እኩለ ቀን አልፎ አንድ መኪና መጣ። አለቃው፣ አራሚውና አንድ ፎቶ አንሺ ወረዱ። አለቃው ደስታው ከመኪናው ቀድሞት ነው የወረደው። ፎቶ አንሺው ከመቀመጫው ሥር ትንሽ ባንዲራቸውን አውጥቶ ከእናቴ ድስት አጠገብ መሬት ላይ ተከለው።

ጨዋታው ቀጥ አለ።

“ምን ይላሉ?” አለችኝ እናቴ፣ ማማሰያዋን እንደያዘች።

“ፎቶ ሊያነሷችሁ ነው።”

“ለምን?”

“ለበዓላቸው። ዛሬ የእነሱም ቀን ነው።”

እናቴ ባንዲራውን አየችው። ከዚያ አለቃውን አየችው። ከዚያ እኔን።

“ንገረው” አለች። “ይህች እሳት የማርያም ናት በለው። ለማንም ንጉሥ ነድዳ አታውቅም። ንፍሮው ግን ለመጣ ሁሉ ነው፤ ቁጭ ብሎ ይብላ።”

አለቃው ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። ሥራዬ፣ ስሜ በጋዜጣ፣ የማተሚያው ቀለም ሽታ ሁሉ ፊቴ ላይ ተደቀነ። “ንፍሮ ይብሉ ትላለች” አልኩት በፈረንሳይኛ።

“ረጅም ነበር የተናገርኩት” አለች እናቴ። “ምነው አጠረ?”

“ፈረንሳይኛ አጭር ቋንቋ ነው እማዬ።”

አራሚው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ስባ ፊቷን ሸፈነችና ጀርባዋን ለፎቶ አንሺው ሰጥታ ማማሰሏን ቀጠለች። አጠገቧ ያለችው ሴት ዞረች። ቀጥላ ሦስተኛዋ። ምንም የተነጋገሩት ነገር የለም፤ በአንድ ጊዜ ሜዳው በሙሉ ጀርባ ሆነ። ልብስ ሰፊው ለመዞር የሚያስችል ድስት ስላልነበረው ባቄላውን የሚመርጥ መስሎ ጎንበስ አለ። ፎቶ አንሺው ወዲህ ሲዞር እነሱ ወዲያ፣ ወዲያ ሲዞር ወዲህ። ነፋሱም ከእነሱ ጋር አበረና ጢሱን ባንዲራው ላይ ደፋው።

“ዓይን አፋር ናቸው” አለ አለቃው ንፍሮውን እያኘከ።

በማግስቱ ጠዋት ጽሑፌን ልጽፍ ተቀመጥኩ። እጄ ለማጋነን የተፈጠረ ነውና አሥራ ዘጠኙን ድስት ዘጠና አደረግሁት። ጢሱ እንጦጦ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው አስነጠሰ። የልብስ ሰፊውን ባቄላ እንቁላል የሚያህል አደረግሁት። የመጀመሪያዋ መስመር ግን “የልደታ ሕዝብ የእመቤታችንን ልደት እንደ እናቶቹ ልማድ ከደጅ ወጥቶ አከበረ” የምትል ነበረች። በእሷ ቦታ የተባልኩትን ለመጻፍ ደጋግሜ ሞከርኩ። እስከ “የልደታ ሕዝብ” ድረስ እሄድና የእናቴ ጀርባ ይታየኛል።

ሁለት ቅጂ ጻፍኩ፤ አንዱን ቤት አስቀምጬ አንዱን ይዤ ሄድኩ።

አራሚው እስከ መጨረሻው አነበቡት። አንድ ጊዜ ሳቁ፣ ባቄላው ላይ ይመስለኛል። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ዘጠና ድስት ነበር?”

“አሥራ ዘጠኝ ነው። ትንሽ ጨምሬበታለሁ።”

“ሰባ አንድ ድስት የጨመረ እጅ አንዲት መስመር መጨመር እንዴት አቃተው? ‘ለኢምፓየሩ ቀን ያለውን ደስታ ለመግለጥ’ በላትና እንጨርስ።”

“ጋሼ፣ ድስቱን ባበዛው ማርያም አትቀየመኝም፤ የሚበዛው ንፍሮዋ ነው። እሳቱን ከእሷ ቀምቼ ለእነሱ ብሰጥ ግን የተሰረቀው የሰፈሩ ነው። የራሴን ነገር እንደፈለግሁ አጋንናለሁ፤ የእነሱን አልሸጥም።”

“እኔስ?” አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ስድስት ልጆች አሉኝ። እዚህ ቁጭ ብዬ ምን የማደርግ ይመስልሃል?”

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወረቀቱን መለሱልኝ።

“ግባና ራስህ አንብብለት። እኔ ከተረጎምኩት አለሰልሰዋለሁ፤ ልማዴ ሆኗል።”

ገባሁና ቆሜ በፈረንሳይኛ ተረጎምኩለት። ምንም አላስቀረሁም። ሲያልቅ ትናንት ያሳጠርኩትን የእናቴን ቃልም ጨመርኩ፤ እሳቱ የማርያም ነው፣ ለማንም ንጉሥ ነድዶ አያውቅም ብላለች አልኩት።

አለቃው ማበጠሪያውን አንስቶ ሳያበጥር ያዘው።

“ያኔ ለምን አልነገርከኝም?”

“ሥራውን ስለፈለግሁ።”

“አሁንስ አትፈልገውም?”

“እፈልጋለሁ። ግን እሳቱ አምናም ለማርያም ነበር። እርስዎ ከመምጣትዎም በፊት ይነድድ ነበር።”

“ሲሄዱም ይነድዳል” ብዬ ጨምሬበታለሁ እያልኩ ሃያ ዓመት አውርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ያቺ ቃል እስከ ጉሮሮዬ ወጥታ ተመልሳ ወርዳለች። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ቀሚስ የለበስኩ ያህል ሱሪዬ ይርገበገብ ነበር።

ሰውዬው አልጮኸም። ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። “ካንተ ጋዜጠኛ አይወጣም” አለኝ። “የት እንደምትኖር ደግሞ ማመልከቻህ ላይ በግልጽ ጽፈሃል። አልረሳውም።”

ሳምንቱን ሙሉ የበር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ እየመሰለኝ ከረምኩ። የመጣብኝ ግን ሌላ ነው። ጋዜጣው ወጣ። በሁለተኛው ገጽ ላይ “የልደታ ሕዝብ ለኢምፓየሩ ቀን ያለውን ደስታ ከደጅ ወጥቶ በእሳት ገለጠ” የሚል ታትሟል። የጸሐፊ ስም የለውም። ግን ውስጡ ዘጠና ድስት አለ። እንቁላል የሚያህል ባቄላም አለ።

በመላው አዲስ አበባ አሥራ ዘጠኝን ዘጠና የሚል አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ልደታ ያውቃል።

በመንገድ ሳልፍ ሰላም የሚለኝ ጠፋ። ልደታ ውስጥ ሰላምታ ሲጀመር የታመመች ላም ሳይቀር ተጠይቃ ነው የሚያልቀው፤ ዝምታው ከዱላ ይብሳል። ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ ጋዜጣውን ለሰው ያስነብብ ነበር፤ ሲያየኝ ፊቱን ወደ ስፌት መኪናው አዞረ። ቤት ስገባ እናቴ ቆማ ጠበቀችኝ።

“ዘጠና ያልከው አንተ ነህ?”

“ድስቱ የእኔ ነው። ሌላው የእኔ አይደለም። የታተመውን ጻፍ ቢሉኝ እምቢ ብዬ ነው ሥራው የቀረብኝ።”

እናቴ ሥራው እንደቀረብኝ አላወቀችም ነበር፤ ለመናገር አፍሬ ሳምንት ሙሉ ደብቄያታለሁ። አይታ አይታኝ “ይህን ለእኔ አይደለም የምትነግረው” አለች። ከሣጥኑ ውስጥ ሁለተኛውን ቅጂ አውጥታ እጄ ላይ አደረገችልኝ፤ የት እንዳስቀመጥኩት እንዴት እንዳወቀች እግዜር ይወቀው። ነጠላዋን ደረበችና ቀድማኝ ወጣች።

ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይና ታች ከሃያ የማያንስ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን አምስት ሰው ከቆመ አንዱ ጆሮ ጠቢ ነው ይባላል፤ ሒሳቡን ለአንባቢ ልተወው። ጋዜጣው ያላወጣውን በአደባባይ ማንበብ ምን እንደሚያስከትል ማንም አልጠፋውም።

“በዚህ ጋዜጣ ላይ ያለው የእኔ አይደለም” አልኩ። “የእኔ ይህ ነው።”

“ማን ያውቅልሃል?” አለኝ ልብስ ሰፊው። “ባቄላዬን እንቁላል ያደረገው አንተ አይደለህም?”

“እሱ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ይስሙኝ፣ ከዚያ ይፍረዱ።”

አነበብኩ። የመጀመሪያዋን መስመር ሳነብ አንዲት ሴት “እልል” ልትል ከጀመረች በኋላ አፏን ያዘች። ማን ምን እንዳዋጣ፣ ልማዱን ከማን እንደተቀበለ በየስሙ ጠራሁ። እያንዳንዱ ስሙ ሲጠራ ዙሪያውን ያያል፤ ማንም ግን ስሜን ዝለለው አላለኝም። ስጨርስ ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ።

“ይህን ነው ለሰውዬው ያነበብከው? ፊቱ ላይ?”

“ፊቱ ላይ። ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አይቷል።”

“ይንቀጥቀጥ፣ ምን ታረገዋለህ። አፍህ ግን አልተንቀጠቀጠም።” ከበረንዳው ፈቀቅ ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። “ግን ባቄላዬን ወደ ልኩ መልስ። እንዲህ ያለውን ነገር በእንቁላል አታበላሽብን።”

“ዘጠናውንም” አለች እናቴ። “ውሸታሞቹ የያዙት እሱን ነው። አሥራ ዘጠኝ በል። አሥራ ዘጠኙም በቂ ነው።”

እርሳሴን በምራቄ አርጥቤ ዘጠናውን ሰረዝኩት። በሕይወቴ ከዚያ የከበደ እርማት አላረምኩም፤ እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ፣ ባቄላውንም ባቄላ አደረግሁት።

“ከመጀመሪያው አንብበው” አለ ልብስ ሰፊው። “ኋላ የመጡት አልሰሙም።”

ቆምኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ የጣልያን መኪና አቧራውን እያስነሣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ መጣ። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። የሞተሩ ጩኸት የማርያምን ስም እንዳይውጥብኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበቤን ቀጠልኩ።